ተኝቶ የሚወዳደረው ሻምፒዮን
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አራቱም ደብዳቤዎች ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ሲሆኑ፣ አራቱም የሚጠይቁት ስለ አንድ ስፖርት ነው። የመጀመሪያው ሰፊ መልስ የሚሻ በመሆኑ ብዙውን ቦታ ለእሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በደብረ ብርሃን ከተማ የፊዚክስ መምህር ነኝ። በክረምት ኦሊምፒክ ሰሞን ከቤተሰቤ ጋር ቴሌቪዥን ስንመለከት፣ አንድ ሰው በትንሽ መንሸራተቻ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩን አስቀድሞ በበረዶ ቦይ ውስጥ ቁልቁል ሲወርድ አየን። ከመንዝ ሊጠይቁን የመጡት አባቴ ጥቂት ዝም ብለው ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህን ሰው የሚያወርደው ቁልቁለቱ ነው፤ ታዲያ የእሱ ሙያው ምኑ ላይ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ስለ መሬት ስበት በየዓመቱ የማስተምር ሰው ብሆንም ለአባቴ የሚያጠግብ መልስ አልነበረኝም። የስፖርቱን ምንነት፣ በተለይም የአንድን ታላቅ ሻምፒዮን ሕይወትና የውድድር ዘመን ብታስረዱን ደስ ይለናል።

መልስ፦ የአባትዎ ጥያቄ ነገሩን ከሥሩ የያዘ በመሆኑ መልሳችንን ከእሱው እንጀምራለን። ስፖርቱ ሉዥ ይባላል፤ ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ትንሽ የበረዶ መንሸራተቻ ማለት ነው። አባትዎ እንዳሉት ሰውየውን የሚያወርደው ቁልቁለቱ ነው። ነገር ግን ቁልቁለቱ ለአንዱ አድልቶ ለሌላው አይነፍግም፤ ከአንድ ቦታ የተነሡትን ሁሉ ያወርዳል። አንዱን ከሌላው የሚለየው ከቁልቁለቱ ያገኘውን ፍጥነት እታች እስኪደርስ ድረስ ሳያባክን መጠበቁ ነው። የቦዩን ግድግዳ መንካት ያባክናል፤ ራስን ቀና ማድረግ ያባክናል፤ ኩርባውን ጥቂት ዘግይቶ መያዝ ያባክናል፤ ሳያስፈልግ አቅጣጫ ማስተካከል ራሱ ያባክናል። ሻምፒዮን የሚባለውም ማድረግ የሌለበትን ነገር ሁሉ ከሰውነቱ ያስወጣ ሰው ነው። ሙያው እንዲህ የተደበቀ በመሆኑ፣ በቴሌቪዥን ለሚያየው የተኛ ሰው ብቻ ይመስለዋል።

ለምሳሌነት የመረጥነው ጣልያናዊውን አርሚን ዞገለርን ነው። ከእሱ የበለጠ የወርቅ ሜዳልያ ያላቸው የሉዥ ተወዳዳሪዎች አሉ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከሽልማት መድረክ ሳይታጣ በመቆየት ግን ከወንዶች የሚስተካከለው የለም። የተወለደው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 1974 በሰሜን ጣልያን፣ ሜራኖ በምትባል ከተማ ነው። ደቡብ ቲሮል የሚባለው ይህ አገር እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የኦስትሪያ ግዛት ነበር፤ ዛሬም አብዛኛው ነዋሪ በዜግነቱ ጣልያናዊ ሆኖ አፉን የሚፈታው በጀርመንኛ ነው፤ ዞገለርም እንዲሁ።

ይህን አገር በዓይነ ልቦና ማየት ለሰሜን ሸዋ ሰው አይከብደውም። ቤቶቹ በአፋፍ፣ ማሳዎቹ በተዳፋት ላይ ናቸው፤ ሰው ለትምህርትም ሆነ ለገበያ ይወርዳል፣ ማታም ዳገቱን ወጥቶ ይገባል። ልዩነቱ፣ በደብረ ብርሃን ሜዳ በኅዳር ሌሊት የሚያድረው አመዳይ ፀሐይ ሲሞቅ የሚጠፋ ሲሆን፣ የእነሱ በረዶ ግን መሬቱን ለብዙ ሳምንታት ሸፍኖ የሚቆይ መሆኑ ነው። የአንኮበር ልጅ ማለዳ በእግሩ ወደ ትምህርት ቤት እንደሚወርደው ሁሉ፣ ትንሹ አርሚን በብርድ ወራት በእንጨት መንሸራተቻ ወደ ትምህርት ቤቱ ይወርድ ነበር። መጀመሪያ የተወዳደረውም በተፈጥሮው የተራራ መንገድ ላይ ነው፤ ይህ ዛሬም ራሱን የቻለ የሉዥ ዘርፍ ሆኖ የራሱ ሻምፒዮናዎች አሉት። ገና በ14 ዓመቱ በወጣቶች ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ ስሙ መሰማት ጀመረ።

በእኛ ግምት የዞገለር ዋነኛው ትምህርት ቤት ያ መንገድ ራሱ ነበር። በተራራ መንገድ ላይ በረዶው ከቀን ቀን ይለዋወጣል፤ ጠዋት እንደ መስተዋት የነበረው ቦታ ከሰዓት በኋላ ይላላል፤ ጥላ ያረፈበት ኩርባ ከፀሐይ ወለል ይለያል። ልጁ የበረዶውን ጠባይ የተማረው ከሰዓት መለኪያ በፊት በጀርባውና በባቱ ነው፤ በኋላ በሰው ሠራሹ ቦይ ውስጥ ያሳየው እርጋታም ያለዚህ የሚገኝ አይመስለንም።

አሁን ወደ አባትዎ ጥያቄ፣ ሰውየው ምን ይሠራል ወደሚለው እንመለስ። ተወዳዳሪው መንሸራተቻው ላይ ተቀምጦ ከግራና ከቀኝ የተተከሉትን ሁለት እጀታዎች ይጨብጣል፤ ራሱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከናጠ በኋላ በሙሉ ጉልበቱ ራሱን ይወነጭፋል፤ ቀጥሎም በጓንቱ ጣቶች ላይ በተተከሉት ጥቃቅን ሹል ብረቶች በረዶውን ጥቂት ጊዜ ቧጥጦ ገፍቶ ይተኛል። ጉልበት የሚጨመርበት ቦታ ይኸው ብቻ ነው። በዚህች ቅጽበት የታጣች የሰከንድ መቶኛ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር እየሰፋች ትሄዳለች እንጂ አትጠብም፤ ስለዚህ በረዶ በሌለበት ወራት እንኳ ተወዳዳሪዎቹ ክንዳቸውንና ትከሻቸውን ሲያጠነክሩ፣ አነሣሣቸውንም ደጋግመው ሲለማመዱ ይከርማሉ።

ከተኛ በኋላ በእጁ የሚዞር መሪ የለውም። የመንሸራተቻው ሁለት እግሮች ከፊት ወደ ላይ የተቆለመሙ ሲሆኑ፣ ተወዳዳሪው ባቶቹን በእነሱ ላይ ያሳርፋል። ወደ ግራ ለመታጠፍ ሲፈልግ በቀኝ ባቱ ወደ ውስጥ ይጫናል፣ በግራ ትከሻውም መቀመጫውን በስሱ ይጫነዋል። አባትዎ የመንዝ ሰው በመሆናቸው ይህን ከእኛ ይልቅ ይረዱታል ብለን እናምናለን፤ በጉግስ ሜዳ ላይ ጥሩ ፈረሰኛ ልጓሙን ሳይጎትት በጭኑና በባቱ ብቻ ፈረሱን እንደሚመልሰው ያለ ነገር ነው። ፈረሱ የጌታውን መደናገጥ እንደሚያውቅ፣ መንሸራተቻውም የተኛበትን ሰው መጨናነቅ ወዲያው ያውቃል፤ ጡንቻው የጠጠረ ሰው በረዶው ላይ ያለችው እያንዳንዷ ጎርባጣ አቅጣጫውን ታዛባበታለች። በርኖስ ለብሶ ሽቅብ ነፋስ ላይ የጋለበ ሰው ደግሞ ነፋሱ በርኖሱን ሲነፋው ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚጎትት አይጠፋውም። የሉዥ ልብስ ከቆዳ ጋር የተጣበቀው፣ ጫማው ጣቶችን ወደ ፊት እንዲዘረጉ የሚያደርገው፣ ተወዳዳሪውም ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ የሚተኛው በዚህ ምክንያት ነው። ራሱን ወደ ኋላ ሲጥል መንገዱን አጥርቶ ማየት ስለማይችል፣ ኩርባዎቹን ሁሉ በቃሉ አጥንቶ መምጣት ይኖርበታል። ከውድድር በፊት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውንና እጃቸውን በቀስታ እያወዛወዙ ቆመው የሚታዩት ተወዳዳሪዎች መንገዱን በሐሳባቸው እየወረዱት ነው፤ ዳዊት በቃሉ የሚደግም ሰው አንዱን መዝሙር ከሌላው ሳያምታታ እንደሚሄድ ማለት ነው።

ዞገለር በዚህ ሙያ ወደ ኦሊምፒክ የደረሰው በ20 ዓመቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በኖርዌይ ሊለሃመር በተካሄደው ውድድር የነሐስ ሜዳልያ ሲያገኝ፣ አንደኛ የወጣው የጀርመኑ ጌኦርግ ሃክል ነበር። ሃክል የባቫሪያ ሰው ሲሆን የብረታ ብረት ሙያ የተማረና መንሸራተቻውን በራሱ እጅ የሚያበጅ ነው፤ በ1992፣ በ1994 እና በ1998 በተከታታይ ወርቅ ወስዷል። በ1998 በጃፓን ናጋኖ ዞገለር አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ሁለተኛ ቢወጣም ከፊቱ የቆመው ያው ሃክል ነበር። አራት ዓመት ተጨማሪ መሥራት፣ አራት ዓመትም መጠበቅ ግድ ሆነበት። በ2002 በአሜሪካ ሶልት ሌክ ሲቲ ዞገለር ወርቁን ሲወስድ፣ ሃክል ሁለተኛ ሆነ፤ ለሃክልም ይህ በአምስት ተከታታይ ኦሊምፒኮች ያገኘው አምስተኛ ሜዳልያ ነበር። የሁለቱን ፉክክር የምናደንቀው የአንዱ ትልቅነት በሌላው የተለካ በመሆኑ ነው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ከፊቱ የነበረ ሰው ባይኖር ኖሮ ዞገለር ከሰውነቱ ምን መቀነስ እንዳለበት ከየት ይማር ነበር?

በ2006 ኦሊምፒኩ በገዛ አገሩ፣ በቱሪን ተካሄደና በወገኖቹ ፊት ሁለተኛ ወርቁን አገኘ። በ2010 በቫንኩቨር ያሸነፈው የ20 ዓመቱ ጀርመናዊ ፌሊክስ ሎኽ ሲሆን፣ የ36 ዓመቱ ዞገለር ሦስተኛ ወጣ። በ2014 በሶቺ ደግሞ በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት የአገሩን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ገባ፤ በ40 ዓመቱም እንደገና የነሐስ ሜዳልያ አጠለቀ። በአንድ የነጠላ ውድድር በስድስት ተከታታይ ኦሊምፒኮች ስድስት ሜዳልያ በማግኘት ከእሱ በፊት ማንም አልነበረም። በእነዚህ መካከል ስድስት ጊዜ፣ ማለትም በ1995፣ በ1999፣ በ2001፣ በ2003፣ በ2005 እና በ2011 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ የዓለም ዋንጫውን አጠቃላይ ውጤት 10 ጊዜ አሸንፏል፤ 57 የዓለም ዋንጫ ውድድሮችንም በአንደኛነት ፈጽሟል።

እንዲህ ያለ ዘመን በምን ይኖራል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ሉዥ እንደ እግር ኳስ ገንዘብ የሚፈስበት ስፖርት ባለመሆኑ አብዛኞቹ ተወዳዳሪዎች የሚኖሩት በመንግሥት ደመወዝ ነው። ጀርመኖቹ በጦር ሠራዊቱ ወይም በፖሊስ ሥር ይቀጠራሉ፤ ዞገለር ደግሞ የካራቢኜሪ አባል ነበር። ይህ ስም በሰሜን ሸዋ አረጋውያን ዘንድ ከወረራው ዘመን ጋር ተያይዞ የሚታወቅ ቢሆንም፣ በአገሩ የስፖርት ክፍል ያለው የፖሊስ ሠራዊት ነው። በአገራችንም አትሌቶች በመከላከያና በፖሊስ ክለቦች ታቅፈው እንደሚያድጉ ስለምናውቅ አሠራሩ እንግዳ አይሆንብንም።

ሌላው የሙያው ግማሽ ደግሞ ከብረት ጋር የሚደረግ ሥራ ነው። በረዶውን የሚነኩት ከመንሸራተቻው እግሮች ሥር የተገጠሙት ሁለት ብረቶች ብቻ ስለሆኑ፣ ተወዳዳሪው እነሱን ሲሞርድና ሲያለሰልስ ሰዓታት ያሳልፋል፤ የብረቱን ጠርዝ ለጠንካራ በረዶ በአንድ መልክ፣ ለላላ በረዶ በሌላ መልክ ያዘጋጃል። እርስዎ የፊዚክስ መምህር ስለሆኑ ይህን ቢያስተምሩበት እንወዳለን፦ የሞቀ ብረት በረዶውን በስሱ አቅልጦ በቀጭን ውኃ ላይ ስለሚንሸራተት ይፈጥናል። በዚህም የተነሣ ከውድድሩ በፊት የእያንዳንዱ ብረት ሙቀት የሚለካ ሲሆን፣ ለማነጻጸሪያ ከተቀመጠው ብረት ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሞቆ የተገኘ ይሰረዛል። በ1968 በግረኖብል ኦሊምፒክ በመሪነት ላይ የነበሩት የምሥራቅ ጀርመን ሴቶች ብረታቸውን አሙቀዋል ተብለው ከውድድር ወጥተው፣ ወርቁ ለጣልያናዊቷ ኤሪካ ሌክነር ደርሷል።

ዞገለር በ2014 ከውድድር ከተሰናበተ በኋላ የቀጠለው በዚሁ በብረቱ ሥራ ነው፤ በጣልያን ብሔራዊ ቡድን ውስጥ የቴክኒክ ኃላፊነት ይዞ የወጣቶቹን መንሸራተቻ ማዘጋጀት ጀመረ። በ2022 በቤይጂንግ ዶሚኒክ ፊሽናለር ለጣልያን የነሐስ ሜዳልያ አምጥቷል።

ለአባትዎ አንድ ተጨማሪ ነገር ይንገሩልን። በኦሊምፒክ የነጠላ ሉዥ በሁለት ቀን አራት ጊዜ ይወረዳል፤ አንዱ ጉዞ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነው። ዞገለር ስድስቱን ሜዳልያዎች ያገኘባቸው ጉዞዎች ሁሉ ቢደመሩ ሃያ ደቂቃ ገደማ ቢሆኑ ነው። ሃያ ዓመት የተሠራበት ሃያ ደቂቃ ነው።

ጥያቄ፦ የደብረ ሲና ነዋሪ ስሆን የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። ከጣርማበር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ማርሽ ቀንሰን፣ ፍሬናችንን ጠብቀን፣ እግዚአብሔርን ለምነን ነው። እነዚህ ሰዎች ፍሬን በሌለው ነገር የሚወርዱት በምን ያህል ፍጥነት ነው? እንዴትስ ያቆማሉ? አሸናፊውና ተሸናፊው በሺህኛ ሰከንድ ተለያዩ ሲባልም ሰምቼ ግራ ገብቶኛል።

መልስ፦ ፍጥነቱ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትርን ያልፋል። በ2010 በካናዳ ዊስለር ኦስትሪያዊው ማኑኤል ፒፊስተር በሰዓት 154 ኪሎ ሜትር ወርዷል። በኩርባ ላይ ሰውነትን ወደ ቦዩ ግድግዳ የሚጫነው ኃይል የሰውን ክብደት አምስት እጥፍ ሊያደርሰው ስለሚችል፣ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለቅጽበት 400 ኪሎ የተጫነበት ያህል ይሰማዋል፤ ራሱ ወደ በረዶው ሳይወድቅ የሚቆየውም በአንገቱ ጡንቻ ብርታት ነው። ማቆሚያውን በተመለከተ፣ ከመጨረሻው መስመር በኋላ መንገዱ ወደ ዳገት ይቀየራል፤ ተወዳዳሪውም ተነሥቶ ይቀመጥና እግሮቹን መሬት አስነክቶ፣ የመንሸራተቻውን ፊት በእጁ ወደ ላይ ስቦ ያቆመዋል።

ሾፌር በመሆንዎ የሚከተለው ይገባዎታል። ኩርባ የሚበላሸው ኩርባው ውስጥ ሲገቡ ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ አገባቡ ላይ ነው፤ ከአንዱ ኩርባ አጉል የወጣ ሰው ለሚቀጥለው ዘግይቶ ይደርሳል። በ2018 በደቡብ ኮርያ ፒዮንግቻንግ ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ አሸናፊ የነበረው ፌሊክስ ሎኽ ከሦስት ጉዞዎች በኋላ ሲመራ ቆይቶ፣ በመጨረሻው ጉዞ በዘጠነኛው ኩርባ አካባቢ መንሸራተቻው አፈንግጦበት አምስተኛ ወጣ፤ ወርቁ ለኦስትሪያዊው ዳቪድ ግላይርሸር ሆነ። ብዙ ዓመት ያሸነፈ ሰው በአንዲት ኩርባ እንዲህ መውደቁ በወቅቱ ስናየው ልባችንን ነክቶናል።

ሰዓቱ እስከ ሰከንድ ሺህኛ የሚለካው በምክንያት ነው። በ1972 በሳፖሮ በጥንድ ውድድር የጣልያንና የምሥራቅ ጀርመን ጥንዶች እኩል ሰዓት በማስመዝገባቸው ሁለቱም ወርቅ ተሸልመዋል፤ ከዚያ በኋላ መለኪያው ረቀቀ። በ1998 በናጋኖ በሴቶች ጀርመናዊቷ ዚልከ ክራውስሃር የአገሯን ልጅ ባርባራ ኒደርንሁበርን የቀደመቻት፣ አራቱም ጉዞዎች ተደምረው፣ በሰከንድ 2 ሺህኛ ብቻ ነበር። የዓይን ጥቅሻ እንኳ ከዚህ እጅግ ይረዝማል።

አደጋውንም ሳንነግርዎ ማለፍ አይገባንም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2010 የቫንኩቨር ኦሊምፒክ በሚከፈትበት ዕለት፣ የ21 ዓመቱ ጆርጂያዊ ኖዳር ኩማሪታሽቪሊ በዊስለር በልምምድ ላይ እያለ ከመጨረሻው ኩርባ ሲወጣ ከቦዩ ተወርውሮ ከብረት ምሰሶ ጋር በመጋጨቱ ሕይወቱ አለፈ። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ከፍ ተደርጎ፣ የወንዶቹም መነሻ ዝቅ ወዳለው የሴቶች መነሻ ወርዷል። ወጣቱ የመጣው ባኩሪያኒ ከምትባል የተራራ ከተማ፣ ሉዥን ከወረሰ ቤተሰብ ነበር።

ጥያቄ፦ በመሐል ሜዳ የምማር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በዚህ ስፖርት ሴቶች ይወዳደራሉ? ታላቋስ ማን ናት?

መልስ፦ እህታችን፣ ሉዥ በ1964 በኢንስብሩክ ወደ ኦሊምፒክ የገባው ከመጀመሪያው ጀምሮ ለወንዶችም ለሴቶችም ነው፤ የሴቶች ማራቶን ኦሊምፒክ ውስጥ ለመግባት እስከ 1984 መጠበቁን ስታስቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ታላቋን ለመሰየም ማመንታት የለብንም፦ ጀርመናዊቷ ናታሊ ጋይዘንበርገር ናት። በ1988 ተወልዳ፣ በ2010 በቫንኩቨር የነሐስ ሜዳልያ ካገኘች በኋላ በ2014፣ በ2018 እና በ2022 በተከታታይ የነጠላውን ወርቅ ወስዳለች። በቡድን ቅብብልም በእነዚሁ ሦስት ኦሊምፒኮች ወርቅ ስላገኘች ስድስት የወርቅ ሜዳልያዎች አሏት፤ በሉዥ ታሪክ ከሴቶች ይህን ያህል ያገኘች ሌላ የለችም።

በ2020 ወንድ ልጅ ወልዳ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ በጀመረው የውድድር ወቅት ወደ በረዶው ተመልሳለች። የ2022ቱን ሁለት ወርቅ ያገኘችው እናት ሆና ነው። አገራችን ወልደው ተመልሰው ያሸነፉ ሯጮች ስላሏት ይህ ምን ያህል ልፋት እንደሚጠይቅ የምታውቂው ይመስለናል። በሉዥ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ከወለደች በኋላ ክብደቷና አተኛኘቷ ስለሚለወጥ መንሸራተቻዋን ለአዲሱ ሰውነቷ እንደገና ማበጀትና የገዛ ሚዛኗን እንደገና መማር አለባት።

ጥያቄ፦ በአንኮበር የምንኖር ጓደኛሞች ነን። በልጅነታችን በተዳፋቱ ሣር ላይ በተቀደደ ጀሪካን እንንሸራተት ነበር፤ አሁን ደግሞ ከእንጨት የሠራነውና በኩሽኔታ የሚሄድ ጋሪ አለን። በረዶ በሌለበት አገር የተወለደ ሰው የሉዥ ተወዳዳሪ ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ይችላል፤ መንገዱ ግን ረጅምና ውድ ነው። በረዶን በማሽን የሚያቀዘቅዙ ቦዮች በዓለም ላይ ከጣት ቁጥር ብዙ የማይበልጡ ሲሆን፣ የመጀመሪያው በ1960ዎቹ መጨረሻ በጀርመን ክዩኒግስዜ ተሠራ፤ በአፍሪካ አንድም የለም። ስለዚህ ከእኛ አገር የሚነሣ ሰው ለልምምድ ሁሉ ባሕር ማዶ መሻገር ይኖርበታል። ለአገራችን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እና በ2010 በአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ሲወዳደር የልምምዱ ቦታ ውጭ አገር ነበር።

ኩሽኔታችሁ ግን እንደምታስቡት ከነገሩ የራቀ አይደለም። ሉዠኞችም በረዶ በሌለበት ወራት መንሸራተቻቸው ላይ ጎማ ገጥመው በአስፋልት ይለማመዳሉ። ህንዳዊው ሺቫ ኬሻቫን በሂማላያ ተራሮች፣ በማናሊ አጠገብ ተወልዶ ያደገ ሲሆን፣ በአገሩ የሉዥ ቦይ ስላልነበረ በጎማ መንሸራተቻ በተራራ መንገድ ላይ ሲለማመድ ኖሯል። በ1998 በናጋኖ ሲሰለፍ ገና 16 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያም እስከ 2018 ድረስ በስድስት ኦሊምፒኮች ተወዳድሯል። በኦሊምፒክ የተሻለው ውጤቱ በ2006 ያገኘው 25ኛ ደረጃ ቢሆንም፣ በእስያ ደረጃ በተደጋጋሚ አሸናፊ ሆኗል። በጭነት መኪናዎችና በበግ መንጋ መካከል እየተሽሎከለከ ሲወርድ የታየበት ምስል አለ፤ ችሎታውን ብናደንቅም እናንተ እንዳትከተሉት አጥብቀን እንለምናለን። በአንኮበርም ይሁን በጣርማበር መኪና በሚመላለስበት መንገድ ላይ ኩሽኔታ ይዞ መውረድ ሞትን መጥራት ነው፤ ከላይ የጻፉልን ሾፌር ኩርባውን ሲዞሩ መሬት ላይ የተኛ ሰው ሊያዩ አይችሉም። መኪና የማይደርስበት አጭር ተዳፋት ፈልጉ፤ ራስ ቁር አድርጉ፤ መጀመሪያም እንዴት እንደምታቆሙ ተማሩ። ከዚያ በእግርና በትከሻ ብቻ መታጠፍን ሞክሩት፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ሰውነታችሁ ሲላላ ጋሪው ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ፣ ሲጠጥር ደግሞ እንደሚንቀጠቀጥ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

የሰሜን ሸዋ ሰው በበረዶ መንሸራተቻ ላይ ተቀምጦ አያውቅም ማለትም አይቻልም። ከመንዲዳ አቅራቢያ፣ ጃቶ በምትባል መንደር የተወለደው አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም፣ በ1964 በቶኪዮ ማራቶንን ካሸነፈ በኋላ፣ በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ መራመድ ተሳናቸው። በ1971 በኖርዌይ ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጀ ውድድር ላይ በክብር እንግድነት ተጠርቶ ሄደ፤ እንግዳ ሆኖ ግን አልተቀመጠም። በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ ከዚያም ስፖርቱ ከሉዥ የተለየ ቢሆንም፣ በመንሸራተቻ ላይ ተቀምጦ 25 ኪሎ ሜትር በበረዶ ላይ ተጉዞ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። የደብረ ብርሃኑ መምህር ለአባታቸው ይህንንም ቢነግሩልን እንወዳለን።